በእግር ወደ ቁርስ

ቅዳሜ ጠዋት ኮልፌን ያየ ሰው ይህ ክፍለ ከተማ በሽተኛ የለውም ብሎ ሊምል ይችላል። ገና ጎህ ሳይቀድ በየሜዳው፣ ሜዳ በሌለበትም በየኮብልስቶኑ ላይ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ ይዘላል፣ ይንጠራራል፣ ያለከልካል። «የጤና ቡድን» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የጤና ቡድን ማለት ዕድሜያቸው አርባን የተሻገረ፣ ቦርጫቸው ከማሊያቸው ቀድሞ ሜዳ የሚገባ አባወራዎች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው ኳስ የሚጫወቱበት ማኅበር ነው። ስሙ የጤና ይሁን እንጂ ከጨዋታው በኋላ አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወጌሻ ዘንድ መሄዱ አይቀርም። የቀሩት ቁርስ ይሄዳሉ። የሜዳው ጭቅጭቅ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ኦፍሳይድ ነበር፣ አልነበረም የሚለውን ክርክር እስከ ዛሬ ፉል እንጂ ዳኛ ፈትቶት አያውቅም።

የእኛ የእግር ጉዞ ቡድን ከዚህ ዘር የወረደ ነው። ጉልበታቸው የከዳቸው አጥቂዎች፣ ሐኪም «ሩጫ ይቅርብህ» ያላቸው ተከላካዮች፣ ኳስ ከመያዝ ይልቅ ለቁርሱ ሲሉ በረኛ ይቆሙ የነበሩ አንድ ነጋዴ ተማክረው ኳሱን ተዉት። ከዚያ ሴቶቹ ተጨመሩ። ሴቶቹ ሲጨመሩ መዋጮው መጥፋት አቆመ። አሁን ፊሽካው የለም፤ ማሊያው እቤት ውስጥ የወለል መወልወያ ሆኗል። ከጥንቱ ማኅበር ሳይነካ የተረፈው ቁርሱ ነው።

አገራችን ውስጥ ሰው ተሰብስቦ እንዲሁ መንገድ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ይደራጃል። እድርና እቁብ ያሳደገው ሕዝብ ነውና አሥር ሰው አንድ ጥላ ሥር ከተገኘ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሳይመርጥ አይበተንም። እኛም አንድ እርምጃ ሳንራመድ መተዳደሪያ ደንብ ነበረን። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የፖሊስ ሻምበል ናቸው። ጸሐፊያችን ነርስ ስለሆነች ስሟን የሚጠራት የለም፤ ሲስተር ነው የምንላት። ገንዘብ ያዣችን ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው፤ የሦስት እድር ሒሳብ ሲይዙ የኖሩ በመሆናቸው ከደብተራቸው የሚያመልጥ ሳንቲም የለም። የቀድሞው በረኛ ሐጂ መርካቶ ይነግዳሉ። መምህር ለረጅም ዘመን ታሪክ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከማስተማሩ ግን አልወጡም። አንድ ወጣት መሐንዲስም አለን፤ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት እጁ ላይ አስሮ ነው የሚመጣው።

ደንቡ አጭር ነው። ያረፈደ ይቀጣል። የቀረ የበለጠ ይቀጣል። ለቅሶ የደረሰበት አይቀጣም። በዚህች በመጨረሻዋ አንቀጽ ምክንያት አንዳንድ አባሎቻችን እስካሁን የቀበሯቸው አጎቶች ቁጥር ከአያታቸው የመውለድ አቅም በላይ ሆኗል።

ቀኑን ለመምረጥ ግን ደንብ ከማውጣት የበለጠ ጊዜ ፈጅቷል። ዓርብ ጁምዓ አለ። እሑድ ቅዳሴ አለ፤ ጴንጤዎቹም አምልኮ አላቸው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሁሉም ለእንጀራው ይሮጣል። የአድቬንቲስት አባል ስላልነበረን ቅዳሜ ያለ ተቃውሞ አለፈ።

ቀጠሮው ንጋት 12 ሰዓት ነው፣ ዊንጌት አካባቢ። በ12 ሰዓት የሚገኙት ሻምበልና እትዬ ናቸው፤ አንደኛው ለፖሊስነታቸው፣ ሁለተኛዋ ለደብተራቸው። ለሌሎቻችን ስልክ ይደወላል። «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ!» ይላል ያረፈደው፤ ከበስተጀርባው የሚስቱ ድምፅ «ካልሲህ እኮ እዚህ ነው!» ሲል ይሰማል። እትዬ ይጽፋሉ።

በዚህ የመጠበቂያ ሰዓት መምህር ትምህርት ይጀምራሉ። ቆመን የምንጠብቅበት ሰፈር ስሙን ያገኘው በጄኔራል ዊንጌት ከተሰየመው ትምህርት ቤት ነው፤ ለመምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን ድንበር ሲሻገሩ፣ እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የጌዲዮን ጦር የተባለውን ትንሽ ሠራዊት እየመራ ከአርበኞች ጋር ጎጃምን በእግር አቋረጠ። ጓዙ በግመል ነበር የተጫነው። ቆላ የለመደ ግመል የጎጃምን ዳገትና ብርድ አልቻለውም፤ ከብዙ ሺህ ግመል አዲስ አበባ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ ከተማቸው ገቡ። «እንግዲህ አስቡት» ይላሉ መምህር፣ «ግመል ያልቻለውን መንገድ ሰው ቻለው!»

«ምን እየበላ?» ይላሉ ሐጂ።

መምህር ይህንንም ያውቁታል። ዊንጌት ጥሬ ሽንኩርት ሎሚ እንደሚበላ ሰው ይገምጥ ነበር ይባላል፤ ሰዓት መጠበቅ ስለሚወድም ማንቂያ ሰዓት ከእጁ አይለይም ነበር ይሉታል። እትዬ ሽንኩርቱን አልፈው ማንቂያ ሰዓቱ ላይ ይቆማሉ። ለየአባሉ አንድ አንድ ቢገዛ ምን ያህል እንደሚያወጣ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሲያሰሉ ዓይኔ አይቷል።

ሻምበልም በበኩላቸው ዝም አይሉም። የመምህር ታሪክ ዊንጌት ከሆነ የእሳቸው ታሪክ ኮልፌ ነው። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ነው። ሻምበል ካምፑን የረገጡት ማንዴላ ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሲያወሩት ግን ጎን ለጎን ተሰልፈው የነበረ ይመስላል። ማንዴላ ራሱ በሕይወት ታሪኩ እንደ ጻፈው፣ ተኩስና ፈንጂ ከመማሩ ሌላ የድካም መፈተኛ የእግር ጉዞ ነበረበት፤ ጠብመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውሃ ብቻ ተይዞ ሩቅ ቦታ በተወሰነ ሰዓት መድረስ ነው። የአገራችንን ጫካና ተራራ በቅርብ ያየው በእነዚያ ጉዞዎች ነው። ሥልጠናው ስድስት ወር ሊቆይ ታስቦ በስምንተኛው ሳምንት ተቋረጠ።

«ጠብመንጃ፣ ጥይት፣ ውሃ» ብለው ሐጂ በጣታቸው ቆጠሩ። «ቁርስ የሚል አልሰማሁም። ስምንት ሳምንት መቆየቱም ትዕግሥት ነው!»

«ኧረ ሐጂ፣ የትግል ድርጅቱ ጠርቶት ነው የሄደው» አሉ መምህር።

«እሱማ ለእናንተ የነገራችሁ ነው።»

ሰው ሲሟላ «አስኮ፣ ቡራዩ!» እያለ የሚጮህ ሚኒባስ ውስጥ እንታጨቃለን። ለእግር ጉዞ የወጣ ቡድን መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መኪና ላይ መሳፈር መሆኑ ለረዳቱ አይገባውም። «ስፖርተኞች ናችሁ?» ብሎ ወደ ቦርጫችን ይመለከትና መልሱን ሳይጠብቅ ሒሳብ ይሰበስባል። አስኮን አልፈን፣ ቡራዩን አልፈን በአምቦ መንገድ ሽቅብ ስንወጣ ቤቱ ይሳሳል፣ ባሕር ዛፉ ይበዛል፣ አየሩ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ገፈርሳ እንደርሳለን።

ገፈርሳ ከከተማው መሀል በስተምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ የውሃ ግድብ ነው። ሥራው የተጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን አዲስ አበባ ውሃ ከጠጣችባቸው ግድቦች ሁሉ አንጋፋው ነው። ጠዋት ጉም ከላዩ ሲነሣ ውሃው ቀስ እያለ ይገለጣል። አጥሩንና ጥበቃውን አክብረን ከሩቅ ቆመን እናየዋለን። ከመካከላችን አንዷ እናት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ «ለካ እዚህ ነህ!» አሉት።

ከውሃው ዳር ዝዬዎች አሉ። መምህር ከጃኬታቸው ኪስ አሮጌ መነጽር አውጥተው፣ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት ዝዬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም እንደማይገኝ አስረዱ። ቡድኑ በአክብሮት ጸጥ አለ። ጸጥታውን የሰበሩት ሐጂ ናቸው፤ ዝዬው ይበላል ወይ ብለው ጠየቁ። ሰዓቱ ገና 1 ከሩብ ነበር።

ከዚያ እውነተኛው ጉዞ ይጀመራል፤ ከአስፋልቱ ወጥተን በእርሻና በባሕር ዛፍ መካከል ባለው የገጠር መንገድ እንገባለን። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነንና ዳገቱ ገና ሲጀምር ወሬ ይቀንሳል። ከፊት ሻምበል ናቸው፣ ዱላቸውን ይዘው፤ ዱላው ለውሻ ነው ይላሉ፣ ዳገት ላይ ግን ሦስተኛ እግር ይሆናል። ከእሳቸው ቀጥሎ መሐንዲሱ ሰዓቱን እያየ ይሄዳል። መሀሉን የያዙት ሲስተርና ምክር ፈላጊዎቿ ናቸው፤ ስኳር፣ ግፊት፣ ሪህና ጨጓራ በየተራ እየቀረቡ ያለ ካርድ ይታከማሉ። ከኋላ ሐጂና እትዬ ይከተላሉ። ሁለቱ ስለ ዘይት ዋጋ ሲነጋገሩ ዳገት መውጣታቸውንም አያውቁም። በደቡብ ምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ ግንባሩን በደመና ሸፍኖ ይመለከተናል።

በዚህ መንገድ ላይ ብቻችንን አይደለንም። እኛ ሽቅብ ስንወጣ የአገሩ ሰው ቁልቁል ወደ ገበያ ይወርዳል። አህያ የሚነዳ አለ፤ ወተት የያዘ አለ፤ ጀርባዋን የሚያጎብጥ የማገዶ ሸክም ተሸክማ የምትወርድ ሴት አለች። እሷ ያንን ሁሉ ተሸክማ ትንፍሽ አትልም፤ እኛ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዘን «ቦርሳውን ተቀበሉኝ» እንባባላለን። እሷ ስታልፍ ቦርሳው ቀጥ ይላል።

አንድ ቅዳሜ ሦስት አህያ የጫኑ ሽማግሌ ገበሬ ከፊታችን መጡ። «አካም ቡልታን?» ብለው ሰላም ሲሉን ሻምበል ኦሮምኛ አቀላጥፈው ስለሚናገሩ አጸፋውን መለሱ። ሽማግሌው አልሄዱም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኙን። ይህን ያህል ሰው፣ ሴትና ወንድ፣ በማለዳ፣ ያለ ሸክም።

«በደህና ነው? ሰው ሞቶባችሁ ነው?» አሉ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ።

«ኧረ ደህና ነን!»

«ሠርግ ነው?»

«አይደለም አባባ።»

«ታዲያ ወዴት ናችሁ?»

እርስ በርስ ተያየን። መሐንዲሱ «እስከዚያ ኮረብታ ደርሰን መመለስ ነው» አለ። ሽማግሌው ዞረው ኮረብታውን አዩት፤ ኮረብታው ላይ ምንም የለም። ሲስተር የተሻለ መልስ ያገኘች መስሏት «ለጤና ነው አባባ» አለች። ይህን ጊዜ የሽማግሌው ፊት ተፈታ። በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እግዜር ይማራችሁ ልጆቼ። ጠበሉ ከሆነ ግን አልፋችሁታል።»

አቅጣጫውን በዱላቸው አሳዩን። ላለማሳፈር ጥቂት እርምጃ ወደዚያ ሄድን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሽማግሌው ጥያቄ ይከነክነኛል፤ እውነታቸውን ነው። አባቶቻችን ከእኛ አሥር እጥፍ ይሄዱ ነበር፤ አንድም ቀን ግን «ለመሄድ» ብለው አልሄዱም። ገበያ ይሄዳሉ፣ ንግሥ ይሄዳሉ፣ ዘመድ ይጠይቃሉ፣ በአንድ ክንድ መሬት ተካሰው ከአውራጃ አውራጃ ይመላለሳሉ። ያለ ጉዳይ የሚሄድ እብድ ወይም ፍቅረኛ ነበር። እግር የጉዳይ መሣሪያ ነው። እኛ መኪና ገዝተን፣ ሚኒባስ ተጋፍተን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን እግራችንን ሥራ ካስፈታነው በኋላ ነው በሳምንት አንድ ቀን ይቅርታ የምንጠይቀው። መንግሥትም ይህን ሳያስተውል አልቀረም፤ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነፃ ሲደረጉ፣ ሕዝቡ አስፋልት መሀል በእግሩ ሲሄድ እንደ ብርቅ ተያይቶ ፎቶ ተነሥቷል።

መሐንዲሳችን ለጥያቄው የራሱ መልስ አለው። ወዴት ነህ ቢሉት ወደ 10 ሺህ ነው። ሰዓቱ 10 ሺህ እርምጃ ቆጥሮ እጁ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ዕረፍት የለውም። ይህ ቁጥር ከሐኪም ቤት የወጣ ይመስለን ነበር፤ ታሪኩ ግን ወደ ገበያ ያመራል። በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሠር መቁጠሪያ ሠርቶ «የ10 ሺህ እርምጃ መለኪያ» ብሎ ሸጠው፤ ለጆሮ የሚጥም ክብ ቁጥር ነበርና በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ከዚህ በጣም ባነሰ እርምጃም ብዙ ጥቅም እንደሚገኝ አሳይተዋል።

ኩባንያው መለኪያውን ያወጣው ደግሞ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግሥት፣ ጃፓን ስለ ስፖርት በምታወራበት ጊዜ ነው። በዚያ ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ። ከዚያም ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። እኛም ኮረብታው ጫፍ ስንደርስ ሣሩ ላይ ጋደም እንላለን። እስከዚያ ድረስ ያለው ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሚያነሣን ሰው ማስፈለጉ ነው።

የመልሱ መንገድ ሌላ ጠባይ አለው። ሽቅብ ስንሄድ ስለ ጤና ያወራ የነበረ አፍ ቁልቁል ሲወርድ ስለ ምግብ ብቻ ነው የሚያወራው። የሚጀምረው ሁልጊዜ በሩቁ ነው። አንዱ ስለ እናቱ ቅንጬ ያነሣል። ሌላው ድሮ መርካቶ ስለነበረ አንድ ፉል ቤት ይተርካል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ይፈጥናል። የመንገዱን ልክ መሐንዲሱ በእርምጃ ይለካው እንጂ፣ እኔ ከሰው ወሬ ውስጥ ስንት ጊዜ ቅቤ እንደተጠራ ሰምቼ ለመድረስ ምን ያህል እንደቀረን አውቃለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አበው። እኛ ደግሞ እንቁላሉ ባለበት እንዲቆይ ደውለን ነግረን በእግራችን እንሄድለታለን።

ቁርስ ቤቱ ኮልፌ ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮ ዳስ፣ ረጃጅም አግዳሚ፣ ከጓሮ የሚሰማ የመጥበሻ ድምፅ። እጃችንን ታጥበን ስንቀመጥ ከዳገቱ የከበደው ሥራ ይጀመራል፤ ምን ይታዘዝ? ነገሩ ውስጡን ለማያውቅ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ ይታያል። ሁዳዴ ከሆነ ለ55 ቀን ከገበታው ግማሽ ላይ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ ይነሣሉ። ከኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ነሐሴ ሲብት ፍልሰታ ይከተላል፤ በፍልሰታ ሕፃናትም ይጾማሉና ማንም አባል ደፍሮ «እኔን አይመለከተኝም» አይልም። ረመዳን ሲሆን ሐጂና ጓደኞቻቸው ከነጭራሹ ውሃም አይቀምሱም፤ በዚያ ወር ጉዞው ወደ አመሻሽ ተዛውሮ ቁርሱ አፍጥር ይሆናል፤ ቴምሩንና ሳምቡሳውን እየቆጠርን መግሪብን እንጠብቃለን፤ ከጾመኛው ይልቅ ሰዓቱን ደጋግመው የሚያዩት ያልጾሙት ናቸው። ፍስክ ሲሆን ደግሞ ሥጋው አለ፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ በአንድ ሰሃን አይቀርብም፤ ቤቱም ያረደው የአንዱን ነው።

ከዚህ ሁሉ ተጣርቶ የሚቀር፣ ሁላችንንም በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ምግብ ሲፈለግ ፉል ይመጣል። ፉል ባለውለታችን ነው። ባቄላ ከማንም ጋር አልተጣላም። በጾም ቀን ዘይትና ሽንኩርት፣ በፍስክ ቀን እንቁላልና ቅቤ ይጨመርበታል፤ ያው ፉል ነው። ጨጨብሳም እንዲሁ፤ በዘይት የሚፈልግ በዘይት፣ በንጥር ቅቤና በማር የሚፈልግ እንደዚያው። ቅንጬ ለጨጓራ በሽተኞቹ ይታዘዛል። ጴንጤው ጓደኛችን ጾሙ በግሉ ስለሆነ በየትኛውም ወቅት የቀረበውን ይበላል፤ የማንም ድርሻ እንዳይመለስ የሚጠብቅልን እሱ ነው።

ሲስተር የደም ግፊት መለኪያዋን አግዳሚው ላይ ዘርግታ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ሁሉንም ትለካለች። ከቁርስ በኋላ የለካች ቀን ቁጥሩን አይታ ለሦስት ሳምንት ቅቤ ስለከለከለችን፣ ጉባኤው መለካት ከመብላት በፊት እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወስኗል። እሷም ተስፋ አልቆረጠችም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንደሚመክር ታስታውሰናለች፤ እኛ በአንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ስንሄድ 120ውን ጨርሰናልና ለቀሪው ሰላሳ ደቂቃ ስድስት ቀን አለን። ሒሳቡ ደስ ይላል። ደስታውን የምታበላሸው ራሷ ናት፤ አንድ ሰዓት ፈጠን ያለ ጉዞ ለብዙ ሰው ከ300 ካሎሪ እምብዛም እንደማያቃጥል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ደግሞ ብቻውን ከ100 ካሎሪ በላይ እንደሆነ ትነግረናለች። ሐጂ ጨጨብሳውን እየጠቀለሉ «እንግዲህ በሰዓት ሦስት ማንኪያ ሄደናል ማለት ነው» አሉ፣ ኩራት ባለው ድምፅ።

የመሐንዲሱ ሰዓት ግን ከእኛ ወገን ነው። ሰዓቱን ያሠረው ቀኝ እጁ ላይ ነው፤ እጁ ከትሪው ወደ አፉ፣ ከአፉ ወደ ትሪው ሲመላለስ ሰዓቱ እርምጃ ነው ብሎ ይቆጥርለታል። ለጎረቤት የሰጠው ጉርሻ፣ ርቀቱ ረዘም ስለሚል፣ በደንብ ይመዘገባል። ከዕለታት አንድ ቀን 10 ሺው የሞላው ፉሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰዓቱ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አጨበጨብንለት።

ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው «ታዲያ ለምን ቀጥታ ቁርስ ቤቱ አትገናኙም?» ይለናል። ሞክረነዋል። ክረምት ላይ ዝናብ ጉዞውን ሲከለክለን «በቃ ቁርሱን ብቻ» ተባለ። የመጣው ሰው በእጅ ጣት የሚቆጠር ነበር። ሌሎቹ ምክንያት አበዙ፤ ሥራ አለኝ፣ እንግዳ አለብኝ። ነገሩን ሳስበው እንዲህ ነው፦ የከተማችን ሰው ለመገናኘት ምክንያት ይፈልጋል። ለቅሶ ከሆነ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ድንኳን ውስጥ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጦ ሌሊቱን ያጋምሳል። ሠርግ ከሆነ ተበድሮም ይመጣል። ማንም ሳይሞትና ማንም ሳይዳር፣ የጎረቤቱን ፊት ለማየት ብቻ ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት መውጣት ግን ያሳፍረዋል። «ቁርስ ልበላ ከነ ሐጂ ጋር» ብሎ ለሚስቱ መናገር አይችልም። «ለጤናዬ» ሲል ግን ሚስቱ ካልሲውን ፈልጋ ትሰጠዋለች። ጉዞው የይለፍ ወረቀታችን ነው። ለሽማግሌው ገበሬ ያጣነው መልስ ይኸው ነበር፤ እውነቱን ብንነግራቸው፣ አሁን ሳስበው፣ ከሁላችንም በላይ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ። ሰው ዘመዱን ለመጠየቅ ዳገት ይወጣል፤ እኛም የምንጠይቀው እርስ በርሳችንን ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ አንዱ የሌላውን ቦርሳ ይቀበላል፣ የደከመውን ይጠብቃል፣ ከማይናገረው ሰው አጠገብ ዝም ብሎ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ልጁን ውጭ አገር የሸኘው አባላችን ወሬውን ያወጣው ማዕድ ላይ አይደለም፤ ማንም ፊቱን በማያይበት ቁልቁለት ላይ ነው። ማዕዱ ላይ ሲደርስ እንዲበላ ብቻ ነው የለመንነው።

ሻይና ማኪያቶ ሲመጣ ጉባኤው ይከፈታል። እትዬ ቅጣት ያነባሉ፤ ያረፈዱት ይማጸናሉ፤ ሻምበል ይግባኙን ውድቅ ያደርጋሉ። ከዚያ የሚቀጥለው ሳምንት መንገድ ይመረጣል። መምህር፣ እንደ ልማዳቸው፣ መናገሻ ሱባ ጫካ እንሂድ የሚል ሐሳብ ያቀርባሉ፤ በወጨጫ ተዳፋት ላይ ያለውን ያን ጥንታዊ የጽድ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተከሉት ይነገራል፤ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይህን ሳያዩ መሞት ነውር ነው ይላሉ። ሁላችንም በታሪኩ እንመሰጣለን። ሐጂ «እዚያ አካባቢ ቁርስ አለ?» ይላሉ። መምህር ስንቅ መያዝ እንደሚቻል ያስረዳሉ። ሐሳቡ ለጥናት ይተላለፋል፤ ጥናት ላይ ከዋለ ቆይቷል።

ባለፈው ግን ሐጂ ደፈር ያለ ሐሳብ አመጡ። በባዶ ሆድ ዳገት መውጣት ለጨጓራ ጥሩ አይደለም አሉ፤ ሲስተርንም ምስክር ጠሩ። ስለዚህ ቁርሱ ከጉዞው ይቅደም፤ በልተን ብንሄድ ምግቡም ይፈጫል፣ ቅቤውም ይቃጠላል። አባላት በነገሩ ጥበብ ተደነቁ። ሲስተር እንኳ ሳትወድ ራሷን ነቀነቀች። ሻምበል ለድምፅ ሊያቀርቡት ሲሉ እትዬ ደብተራቸውን ከደኑ።

«ቆዩማ» አሉ። «እሺ፣ ቁርሱ ቀደመ እንበል። በልታችሁ ጠግባችሁ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ከዚህ አግዳሚ ላይ ተነሥታችሁ ገፈርሳ የምትሄዱት እነማን ናችሁ? እጅ ይውጣ።»

ሻምበል እንኳ እጃቸውን አላወጡም። እትዬ ደብተራቸውን ገለጡ፤ ሲስተርም በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈች፦ «የቁርስ ሰዓትን ለመለወጥ የቀረበው ሐሳብ የጉዞ ቡድኑን ህልውና አደጋ ላይ የሚጥል ሆኖ ስለተገኘ ውድቅ ተደርጓል። ሐሳቡን ላቀረቡት አባል አንድ ተጨማሪ ፉል ይታዘዝ።»